«ለእማዬ አትንገራት፣ እንደገና አውልቂው ትለኛለች»

የዛሬው ደብዳቤ ከአንዲት የሁለት ልጆች እናት የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ሴት ልጄ 7 ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ከተወለደች ጀምሮ ምንም ነገር እንዳያመልጠኝ ስጥር የኖርኩ እናት ነኝ። የመጀመሪያ ፈገግታዋ፣ አፏን የፈታችበት ቀን፣ ድክ ድክ ያለችባት ደቂቃ፣ ሁሉም ስልኬ ላይ ቀን በቀን ተቀምጧል። ከ4,000 በላይ ፎቶና ቪዲዮ አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እርሳስ ልቀርጽላት የእርሳስ መያዣዋን ስከፍት የተጠቀለለ ሶፍት አገኘሁ። ልጥለው ስል ውስጡ ጠንከር ያለ ነገር ዳሰስኩ። ፈታሁት። ጥርስ ነው። የመጀመሪያ ጥርሷ! ሶፍቱ ላይ በእርሳስ 'ጥርሴ ማክሰኞ' ተብሎ ተጽፏል። ለካ ሰሞኑን ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ለዚህ ኖሯል። አባቷን ስጠይቀው ያውቃል፤ ዕለቱኑ ነው የነገረችው። ለምን አልነገርከኝም ስለው እየሳቀ፣ 'ለእማዬ አትንገራት፣ እንደገና አውልቂው ትለኛለች አለችኝ' አለኝ። እሱ ሳቀ፤ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለምን እንዳለች ገብቶኛል። ጫማዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ያሰረች ቀን ስልኬ አጠገቤ አልነበረም። አምጥቼ ፍቺውና እንደገና እሰሪው አልኳት። ሦስት ጊዜ ደገምነው። በሦስተኛው አለቀሰች። ከቪዲዮው ላይ ለቅሶዋን ቆርጬ ፈገግ ያለችበትን ብቻ ለዘመድ ግሩፕ ላክሁት።

ልጄን አጣኋት ወይ? ያ ሁሉ ያስቀመጥኩት ከንቱ ነው? እሷስ ከዚህ ዕድሜዋ ምን ታስታውስ ይሆን? በባሌ መናደዴስ ጥፋት ነው? ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 13 ወሩን ጨርሷል፣ እስካሁን አልተራመደም፤ እሷ በ11 ወሯ ነው የተራመደችው። ስልክ ይዤ እሱን መጠበቅ አሁን ፈርቻለሁ፤ አለመጠበቁም ያስፈራኛል። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ከወለቀው አጠገብ ያለውም ጥርሷ እየተነቃነቀ ነው፤ ከኋላው ግን አዲስ ጥርስ ብቅ ብሏል። ጤና ነው?»

እህቴ፣ ከሶፍቱ እንጀምር።

ልጅሽ ጥርሷን አልጣለችውም። ኪሷ ውስጥ ወርውራም አልረሳችውም። ጠቅልላ፣ ምን እንደሆነ ጽፋ፣ ቀኑንም ጽፋ፣ በየቀኑ የምትከፍተው ቦታ አስቀመጠችው። ይህን ከማን ያየችው ይመስልሻል? በቤታችሁ ነገርን ቀን ጽፎ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ያ ሁሉ ልፋቴ ከንቱ ነው ወይ ላልሽው መልሱ እዚያው እርሳስ መያዣው ውስጥ ነበር። መዝገብ መያዝን ካንቺ ተምራለች። አሁን የራሷን ጀምራለች፤ አንቺን ገና አላስገባችሽም።

በነገራችን ላይ፣ በጥርሱ ተጠምደሽ ሳታይው ያለፍሽ ሌላ ነገር አለ። «ማክሰኞ» የሚለውን ራሷ ጽፋዋለች። ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት ይህቺው ልጅ «ነገ ሄደን ነበር» ትልሽ እንደነበር አልጠራጠርም። ትናንሽ ልጆች ያለፈውን ሁሉ ትናንት፣ ያልመጣውን ሁሉ ነገ ይሉታል፤ አንዳንዴም ሁለቱን ያገላብጧቸዋል። ቀናት ስም ያላቸው፣ ተራ ጠብቀው የሚመጡ መሆናቸው የሚገባቸው ቀስ እያለ ነው። አሁን ልጅሽ አንድ ቀን ከሌሎቹ ለይታ፣ ስሙን አውቃ፣ ፊደል መርጣ ጽፋበታለች። እኔ አንደኛ ክፍል 22 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ከጥርሱ ይልቅ ይህ ነው ያስደነቀኝ። ጥርስ ምንም ሳይደረግለትም ይወልቃል።

«እንደገና አውልቂው ትለኛለች» ያለችውን አባቷ እንደ ቀልድ ሰማው፤ አንቺ እንደ ክስ። እኔ ስሰማው ሒሳብ ይመስለኛል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ዓለምን የሚያውቀው «እንዲህ ሲሆን እንዲያ ይሆናል» እያለ ነው። ጫማ ሲታሰር እማዬ ድገሚው አለች፤ እንግዲህ ጥርስ ሲወልቅም ድገሚው ትላለች። ጥርስ አንዴ ከወለቀ ተመልሶ እንደማይተከል ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የማይሆን ነገር ልትጠየቅ እንደምትችል ስለገመተች ነው፤ የማይሆን ነገር ተጠይቆ እንቢ ማለት ደግሞ ለልጅ ከባድ ነው። ዝም ማለት ይቀላል።

እስቲ ያንን ጫማ በእሷ ዓይን እንየው። አንቺ ከላይ ቆመሽ የምታዪው ጎንበስ ያለ ራስና ትናንሽ ጣቶች ነው። እሷ የሚታያት ግን ክሩ ብቻ ነው፤ አንዱ ጆሮ ሲቆም ሌላው ይወድቃል፣ ሁለቱም ሲቆሙ ጣቷ መሐል ይያዛል፣ ጣቷን ስታወጣ ሁሉም ይፈታል። ይህን ስንት ቀን ታግላዋለች። ከዚያ አንድ ጊዜ ያዘ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በገዛ እጇ ከሠራችው ሁሉ ከባዱ ያ ቋጠሮ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና እንደሚሆንላት ደግሞ ምንም ዋስትና የላትም። «ፍቺው» ስትያት አንቺ መደገም ነው ያሰብሽው። እሷ የሰማችው መፍረሱን ነው።

ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ጠዋት ራሱ ያሰረውን ጫማ ይፈታብኛል ብሎ ቀኑን ሙሉ እግሩን ሳያጥፍ እንደ ሰልፈኛ ሲራመድ ዋለ። በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲጠራው አልሄደም። ከሰዓት በኋላ ክሩ ላላ ማለቱን አይቼ ላጥብቅልህ ብዬ ጎንበስ ስል እግሩን ሰበሰበ። «አይ መምህርት፣ ይሄ የእኔ ነው» አለኝ። ቋጠሮው ቋጠሮ አይመስልም ነበር፤ አንደኛው ጆሮ ወለሉን ይጠርጋል። ልጁ ግን ወደ ቤቱ እስኪሄድ ሳያስነካው ዋለ።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ከላይ ሆኜ የምመክርሽ ይመስላል። ትልቋ ልጄ መጻፍ ስትጀምር በወረቀት ቁራጭ ላይ አንድ ነገር ጽፋ፣ አራት ጊዜ አጥፋ፣ የተማሪዎች ደብተር ሳርም አጠገቤ አስቀምጣልኝ ሄደች። ስከፍተው «እማዬ እወድሻለው» ይላል። እጄ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ነበር። «ው»ን ሰርዤ «ሁ» አደረግኩት፤ ከዚያም «ጎበዝ» ብዬ ጽፌ መለስኩላት። አስቢው እስቲ። ልጅቷ ወረቀቱን አየችው፤ ቀዩን አየችው፤ «እሺ» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለአባቷ ትጽፍ ነበር፤ ለእኔ ግን ብዙ ጊዜ አልጻፈችም። እኔም እንዳንቺ ምን እንዳጠፋሁ ቶሎ ገብቶኝ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የገባኝ እሷ ራሷ ትልቅ ሰው ሆና እየሳቀች ስትነግረኝ ነው። አንቺ በአራት ቀን ደርሰሽበታል። ልጄን አጣኋት ወይ ለሚለው ይህ ይበቃሻል ብዬ አምናለሁ።

አንቺ «ምንም እንዳያመልጠኝ» ብለሽ ስትጽፊ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ አዲስ ነገር ይናገር ነበር። ወላጆች በእረፍት ቀን ልጆቻቸውን ሲያዝናኑ እንደሚውሉ ስለማውቅ ሽርሽሩን፣ አዲሱን ልብስ እሰማለሁ ብዬ እጠብቃለሁ። የምሰማው ግን ሌላ ነው። «ወንበር ላይ ስቀመጥ እግሬ መሬት ነካ።» «መብራቱን ያለ በርጩማ አጠፋሁት።» «ሰው ሲያንኳኳ ማነው ያልኩት እኔ ነኝ።» «አንድ ዓይኔን ብቻ መጨፈን ቻልኩ»፤ ይህን ያለው ልጅ ሲያሳየን ሁለቱንም ጨፈነ፣ ግን ማንም አልሳቀበትም። «ማፏጨት ለመድኩ፣ ድምፁ ብቻ ነው የቀረው።» «ቀልድ ነገርኳቸውና ትልልቆቹ በእውነት ሳቁ።» አንዷ ዝምተኛ ደግሞ ተነሥታ «ሌሊት ነቃሁ፣ ማንንም አልጠራሁም» ብላ ተቀመጠች።

የዚህችን ልጅ ነገር እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። የዚያን ሌሊቱን ነገር እናቷ አታውቅም፤ ልታውቅም አትችልም፤ ተኝታ ነበር። ብታውቅና ብትነሣ ደግሞ ነገሩ ራሱ ባልተፈጠረ። እኛ ከውጭ የሚታየውን እንቆጥራለን፦ ቆመ፣ ተናገረ፣ ጥርሱ ወለቀ። ልጆቹ የሚቆጥሩት ትናንት ሰው ይጠሩበት የነበረውን ዛሬ ሳይጠሩ ማድረጋቸውን ነው። ስለዚህ ብዙው ነገር ያመልጥሻል። ማምለጥም አለበት። ከዚያ ውስጥ የፈለገችውን መርጣ የምትነግርሽ እሷ ናት፤ የምትነግርሽ ደግሞ ድገሚው የማይላትን ሰው ስታገኝ ነው።

ወደ ትዝታ እንምጣ። አብዛኞቻችን ትልልቅ ሰዎች ወደ ኋላ ስናስብ ከ3 ወይም ከ4 ዓመታችን በፊት የሆነ ነገር አናስታውስም። ልጆች ግን ሦስት ዓመታቸው ላይ የሆነውን ለጊዜው በደንብ ያስታውሳሉ፤ የሚረሱት በኋላ ነው። በአሜሪካ ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ባወርና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ልጆች በ3 ዓመታቸው ከእናቶቻቸው ጋር ስለ አንዳንድ ገጠመኞች ሲያወሩ ተቀረጹ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ስለነዚያው ነገሮች ተጠየቁ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላይ የተጠየቁት 60 በመቶና ከዚያ በላይ አስታወሱ። 8 እና 9 ዓመት ላይ የተጠየቁት 40 በመቶ እንኳ አልሞላላቸውም።

እንግዲህ ልጅሽ አሁን ያለችው ልክ በዚያ ደፍ ላይ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ከሕፃንነቷ ብዙው ይራገፋል። የመጀመሪያ እርምጃዋንና የመጀመሪያ ቃሏን በራሷ ልታስታውስ አትችልም፤ ለእነዚያ ምስክሯ አንቺ ነሽ። እነዚያ ፎቶዎች በዚህ ጊዜ ይጠቅሟታልና አታጥፊያቸው። ጫማና ጥርስ ግን እሷ ራሷ ልታስታውሰው በምትችልበት ዕድሜ የሆነ ነው። እዚያ ላይ ምስክርነቱ የእሷ ነው።

ምን እንደሚቀርላት ደግሞ አንቺ ከምትይዥው ምስል ይልቅ አብራችሁ የምታወሩት ይወስነዋል። እዚያው ጥናት ላይ በሦስት ዓመታቸው እናቶቻቸው ወሬውን እንዲመሩ የፈቀዱላቸው፣ «እስቲ ጨምሪልኝ» የተባሉት ልጆች ኋላ የተሻለ አስታውሰዋል። በኒው ዚላንድ የተደረገ ሌላ ጥናትም አለ፤ የማኦሪ ተወላጆች ከሌሎቹ ቀደም ያለ ዕድሜ፣ በአማካይ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው የሆነ ነገር ያስታውሳሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን የሚያያይዙት በማኅበረሰቡ ዘንድ ያለፈን ነገር ማውራት፣ ማውረስና መደጋገም ትልቅ ቦታ ስላለው ነው።

ነገር ግን ማውራት ስልሽ ፈተና ማለቴ አይደለም። ይህ የእኛ የመምህራንም በሽታ ነው። «ዝናብ የመታን ቀን ትዝ ይልሻል? ከማን ጋር ነበርን?» «ከአክስቴ ጋር።» «ጎበዝ! ምን ለብሰሽ ነበር?» «ቀይ?» «አይደለም፣ ሰማያዊ ነው፣ እዪው ፎቶው ላይ።» አየሽ፣ ልጅቷ በገዛ ሕይወቷ ፈተና ወደቀች። ፎቶው አንቺን ደገፈ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዝናብ ምን ትላለች? ምንም።

ተመሳሳዩን ዝናብ እንዲህ ሞክሪው። «ያን ዕለት ዝናቡ ሲመታን እኔ ደንግጬ ነበር። አንቺስ?» «እኔ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ቹክ ቹክ ሲል ሳቄ መጣ።» «ቹክ ቹክ ሲል አልሰማሁትም! ከዚያስ?» ከዚያ በኋላ የምትሰሚው ስልክሽ ላይ የሌለ ነገር ነው። ቀዩ ሰማያዊ ከነበረ ይሁን፤ ተይው።

ስልኩን ጣይው እንዳልኩ እንዳይመስልሽ። እኔም የልጅ ልጆቼን ፎቶ ሲልኩልኝ አጉልቼ ጥፍራቸው ተቆርጦ እንደሆነ ሁሉ የማይ ሰው ነኝ። ችግሩ ስልኩ ያየልን ሲመስለን ነው። ሊንዳ ሄንከል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው አንድ ሙከራ አለ፤ ሰዎችን ሙዚየም አስጎብኝታ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ አንዳንዱን በዓይናቸው ብቻ እንዲያዩ አደረገች። በማግሥቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ካነሱት ይልቅ ዝም ብለው ያዩትን የተሻለ አስታወሱ። አንድ ልዩነት ነበር፤ ካሜራውን አቅርበው የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ ያነሱት ያን ያህል አልረሱም። ከዚህ ተነሥቼ ለራሴ ያወጣሁትን ልማድ ልንገርሽ፦ አንድ ፎቶ፣ አንድ ትንሽ ነገር፣ «ወደዚህ እዪ» ሳይባል። የታሰረውን ጫማ ብቻ። ወይም የተቆላለፉትን ጣቶች። ከዚያ ስልኩ ወደ ኪስ ይገባል። ያመለጠው አመለጠ፤ ድገሚው የሚባል ነገር የለም።

ለዘመድ መላኩ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ እከርራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 16 ላይ ልጅ የግል ሕይወት እንዳለውና ያለአግባብ ጣልቃ እንዳይገባበት ይደነግጋል። ሕጉን የጠቀስኩልሽ ልከስሽ አይደለም። «የግል ሕይወት» የሚባለው ነገር ለሰባት ዓመት ልጅ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው፦ የእርሳስ መያዣ ይመስላል። ከእንግዲህ ከመላክሽ በፊት «ይሄን ለአያትሽ ልላከው?» በያት። አይሆንም ካለች አትላኪው፣ ደግመሽም አትጠይቂያት፤ «እሺ እንዳልሽ» ብለሽ እሺታሽን አሳዪያት። አያት የሚናፍቋት ከሆነ ደግሞ ስልኩን ስጫትና በራሷ ድምፅ ትንገራቸው። አንዲት ልጅ ጥርሷ በወለቀበት ቀዳዳ ምላሷን እያስገባች በ«ሰ» ፈንታ «ዝ» ስትል ከመስማት የሚበልጥ ስጦታ እኔ ለአያት አላውቅም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ምን ታደርጊያለሽ? ብቻችሁን ስትሆኑ፣ እሷ ሥራ ይዛ እያለች ቢሆን ይመረጣል፤ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «እናውራ» ካልሻት ምን አጠፋሁ ብላ ትደነግጣለች። እንዲህ በያት፦ «እርሳስ ልቀርጽልሽ መያዣሽን ስከፍት ጥርስሽን አየሁት። መልሼ ጠቅልዬዋለሁ። ጫማሽን ያሰርሽ ቀን ደግሞ ፍቺው ማለቴ ልክ አልነበረም። አስለቀስኩሽ። ሁለተኛ ድገሚው አልልሽም።» በቃ። ለምን ደበቅሽኝ አትበያት። «እማዬ በጣም ስላዘነች» የሚል ነገርም አትጨምሪ፤ እንባሽን ካየች አንቺን ማጽናናት ትጀምራለች፣ ያኔ የእሷ ጥርስ ያንቺ ሐዘን ሆኖ ይቀራል። «እሺ» ብላ ጨዋታዋን ከቀጠለች ንግግሩ ከሽፏል ማለት አይደለም። ሰምታሻለች።

ያንን የተቆረጠ ቪዲዮ በተመለከተ፣ ሙሉው አሁንም ስልክሽ ላይ ካለ በሌላ ቀን ጠይቂያት፤ ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ? የምትለውን በፊቷ አድርጊው። ጥርሱን እንድታሳይሽ ግን አትለምኛት፤ ፎቶውንም ሾልከሽ እንዳታነሺ። አውቅሻለሁ፣ አስበሻል።

ፍላጎት ካላት ባዶ ደብተር ስጫት፣ ሳትከፍችው። ወይም ቁመቷን በር መቃን ላይ መለካት ከጀመራችሁ እርሳሱን እሷ ትያዝ፣ አንቺንም ትለካ። (እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰው በጠዋት ከማታ ትንሽ ይረዝማል፤ ቀን ሙሉ ስንቆምና ስንቀመጥ የአከርካሪ አጥንት መሐሉ ይጨመቃል፣ ልዩነቱም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። ልጄ አንድ ቀን ጠዋት ተለክቶ ማታ ሲደግም «አነስኩ!» ብሎ ሲያለቅስ ማሳመኛ ያጣሁት ይህን ሳላውቅ ነው። ባዶ እግር፣ ተረከዝ ግድግዳ ነክቶ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት።)

ስለ ባልሽ ብዙ አልልም። ልጅ ከወላጇ እንድትደብቅ በትልቅ ሰው የሚነገራት ምስጢር አደገኛ ነው፤ ይህ ግን የእሷ የራሷ ነገር ነው፣ እሱም አደራዋን ጠብቋል። ሲነግርሽ መሳቁ ካስከፋሽ ያንን ንገሪው።

ትንሹ ልጅሽን ተዪው ይሳብ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ልጆቹ ያለ ድጋፍ መራመድ የጀመሩት ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከመቶ አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ጭራሽ ሳይድሁ ነው ያለፉት። 13 ወር ከዚህ መሐል ነው። 18 ወር ሞልቶት ካልተራመደ፣ ወይም ከዚያ በፊት አንዱን ጎኑን ብቻ የሚጠቀም ወይም የነበረውን ችሎታ የሚያጣ ከመሰለሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የእህቱን 11 ወር ግን እንደ መለኪያ ፊቱ አታቁሚበት።

መጠበቅሽን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሲራመድ አንቺ ላታዪው ትችያለሽ፤ እህቱ ልታየው ትችላለች። እንደዚያ ከሆነ እየሮጠች መጥታ ትነግርሻለች። «ለምን አልጠራሽኝም» ካልሻት ያው ጫማው ተደገመ ማለት ነው። ቁጭ ብለሽ አስነግሪያት፦ በየትኛው እግሩ ጀመረ? ወዴት እየሄደ ነበር? ሲወድቅ ምን አለ? ልጁ ሲያድግ ስለዚያ ቀን የሚነግረው ሰው እህቱ ብትሆን ምን ይጎዳል?

ከኋላ ብቅ ስላለው ጥርስ አትጨነቂ። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ ብዙ ጊዜ 6 ዓመት ገደማ ከታች ከፊት ካሉት ሁለቱ ጀምሮ እስከ 12 ዓመት ገደማ ይወልቃል። የታች ፊት ጥርሶች ላይ አዲሱ አሮጌውን ሳይጠብቅ ከኋላ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ አሮጌው ሲወልቅ ምላሷ እየገፋ ወደ ቦታው ያመጣዋል። የፊተኛው እየተነቃነቀ ከሆነ በምላሷም በታጠበ ጣቷም ትነቅንቀው፤ ክር አስረሽ እንዳትስቢ። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ካልወለቀ ወይም መነቃነቁን ካቆመ የጥርስ ሐኪም ይየው። ጥርሷን ስትቦርሽም ወደ ውስጥ እዪ፤ በዚህ ዕድሜ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። እሱ ቋሚ ነው፣ ከተበላ ምትክ የለውም፤ ብዙ ወላጅ የወተት መስሎት ይዘናጋል።

ሲወልቅ ትንሽ ደም ቢታያት ንጹሕ ጨርቅ ነክሳ ለጥቂት ደቂቃ ትያዝ። ሶፍት ከጠየቀችሽ ስጫት። እርሳሱን ራሷ ታመጣለች።